አማቴ፣ ስኖሞቢሌና ነጩ ጨርቅ

ከጽዳት የበለጠ ጠብ ጫሪ ነገር አለ ብላችሁ እንዳትከራከሩኝ! በፖለቲካ የተጣላ ለቅሶ ቤት ተገናኝቶ ይታረቃል። በርስት የተጣላን ሽማግሌ ያስማማዋል። “ዕቃህ ቆሻሻ ነው” የተባለ ሰው ግን... እስኪሞት አይረሳትም። እኔን ደግሞ ያሉኝ ማን መሰሏችሁ? አማቴ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ብራያን አዲስ ስኖሞቢል ገዛና አሮጌውን ሸጠልኝ። ስኖሞቢል ማለት ያው እንደ ሞተር ሳይክል ተፈናጠው በበረዶ ላይ የሚነዱት ነገር ነው።

“አንተ በረዶ ልትዝቅ ስትወጣ እንኳ ታለቅሳለህ፤ ስኖሞቢል ምን ያደርግልሃል?” አለችኝ ባለቤቴ ሰብለ።

ለዚሁ ነዋ! ሃያ ሁለት ዊንተር ሙሉ በረዶ ሲቀልድብኝ ኖሯል። አንድ ቀን እንኳ እኔ ላዩ ላይ ወጥቼ ልቀልድበት አማረኝ። ብራያንም ቅዳሜ ወደ ሰሜን ወጣ ብለን አብረን እንድንነዳ ቀጠረኝ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለ፣ ምን የለ... ቅዳሜን ብቻ ነው የማስበው።

ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ያለው ታውንሃውሳችን ጋራዥ ውስጥ አስገብቼ ሳልጨርስ እማማ ወርቄ ከተፍ አሉ። የሰብለ እናት ናቸው፤ ከአገር ቤት ከመጡ ሰባት ወራቸው ነው። በነዚህ ሰባት ወራት ቤታችን ውስጥ ሳይታጠብ የቀረው አየሩ ብቻ ነው። ማሽኑን ዞረው ዞረው አዩት። ጎኑ፣ የእግር ማሳረፊያው፣ ከመቀመጫው በታች ያለው ሁሉ ቀለም ያልነካው፣ እርቃኑን የቀረ አሉሚኒየም ነው። በረዶ እንዲያሟሟ መንገድ ላይ የሚበተነውን ጨው ስለጠጣም አመድ መስሏል። እማማ ከሹራባቸው ኪስ ነጭ ጨርቅ አወጡና ጠረግ አደረጉት። ጨርቁ ጠቆረ።

“ይሄ ከኛ ጋር አይኖርም” አሉ።

“እማማ፣ ይጸዳል እኮ!”

“እንግዲያው እስከ ዓርብ አጽዳው። ጨርቄ ነጭ እንደሆነ ከወጣ ይቀመጥ። ካልወጣ ለባለቤቱ መልስለት።”

“ባለቤቱ እኮ እኔ ነኝ!”

“እሱን ዓርብ እናያለን።”

ዞር ብዬ በሩ ላይ የቆመችውን ሰብለን ባያት “ዶንት ሉክ አት ሚ!” አለችኝ። “አንዴ ዲሳይድ አድርጋለች።”

ሰኞ በሳሙና አጠብኩት። ማክሰኞ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካሁ ፈገፈግኩት፤ ከዚያ ለአሉሚኒየም የሚሆን ክሬም ቀባሁና ወለወልኩ። አቤት ማብለጭለጭ! ፊቴን አየሁበት፤ የደበቅኩትን ሽበት ሳይቀር! ጨርቁን ገልበጥ ሳደርገው ግን... ከሰል! ደገምኩ፤ ከሰል። ሠለስኩ፤ ከሰል። እኔ ደግሞ “ውሃው እስኪጠራ እጠብ” ተብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የጠቆረ ጨርቅ እያየሁ እንዴት ላቁም? ረቡዕ ከናቴራዎቼን ለመወልወያ ቀድጄ ጨረስኩ። ክንዴ ዝሎ ማንኪያ ማንሳት አቃተኝ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ!

ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ ቅዳሜዬ ከእጄ ልታመልጥ መሆኗን ሳስብ ሆዴ ባባና ብራያንን ኮል አደረግኩት።

“ይሄ ቆሻሻ አያልቅም!” አልኩት።

ሳቀ። ሳቀ። ደግሞ ሳቀ።

“ቆሻሻ እኮ አይደለም! ራሱ አሉሚኒየሙ ነው። ከክሬሙ ጋር በፈተግከው ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተፋቀ ነው ጨርቅህን የሚያጠቁረው። ዕድሜ ልክህን ብትፈትገው ያው ነው። በቃህ! በደንብ ጥረገውና ሰም ቀባው፤ ጨርቅ ማጥቆሩን ይተዋል፣ ከጨውም ያድነዋል።”

እግዚኦ! ለካ ሁለት ቀን ሙሉ የገዛ ንብረቴን እንደ ካሮት ስፍቅ ነው የከረምኩት! የዚያኑ ቀን ማታ ጠረግኩት፣ ሰሙን ቀባሁት፣ አደረቅኩት፣ በለስላሳ ጨርቅ አሸሁት።

ዓርብ እማማ ነጩን ጨርቅ ይዘው ወረዱ። ጎኑን ጠረጉ፤ ነጭ። የእግር ማሳረፊያውን ጠረጉ፤ ነጭ! መነጽራቸውን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ከሥር ጠረጉ።

“እሰይ! እጅህ ይባረክ!” አሉ። “ይቀመጥ!”

ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት በረዶው ይወርዳል፤ ብራያን ትሬይለሩን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ሄልሜቴን አጥልቄ እየዘለልኩ ጋራዥ ወረድኩ። ስኖሞቢሌ ግን አልታይ አለኝ። በነጭ አንሶላ ተጠቅልሎ፣ መቀመጫው ላይ ዳንቴል ተነጥፎበታል! እማማ አጠገቡ ቆመው የዳንቴሉን ጫፍ ያስተካክላሉ።

“እማማ፣ ምንድነው ይሄ?”

“አንተስ፣ ምን ልትሆን መጣህ?”

“ልነዳው ነዋ!”

“በዚህ በረዶ?!”

“ለበረዶ እኮ ነው የተሠራው!”

“ቆሻሻ ሳለ ነበር ለበረዶ። አሁን የክት ሆኗል!”

ሰብለን ጠራኋት። የለችም፤ ማለቴ ቤት ውስጥ አለች፣ አልሰማም ብላ ነው። አማትን ገፍቶ ዳንቴል የሚያነሳ ወንድ ካላችሁ ደግሞ ስሙን ንገሩኝ!

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሏችኋል ይሄ ነው። እማማ አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ጫማ አስወልቀው ጋራዥ ያስገቡና “አማቼ በእጁ ያጸዳው ነው” እያሉ ያስጎበኛሉ። እኔ ቅዳሜን የብራያንን ወገብ አቅፌ፣ ከኋላው ተፈናጥጬ ዋልኩ። የሱ ማሽን በዘይት፣ በጭቃና በጨው ተለውሶ መልኩ አይታወቅም። ቀናሁበት!