በእጅ ሥራ ላይ ስህተትን ግዴታ ለማድረግ የተጠራ ስብሰባ

የሳን ሮምዋልዶ መንደር የእንጨት ጠራቢዎችና የእጅ ሥራ ሻጮች ማኅበር ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ከሆሳዕና በፊት ያለው ቅዳሜ። ቱሪስት ለፋሲካ ዕረፍት በአውቶቡስ ተጭኖ መጥቶ የሚራገፍበት፣ ማኅበራችንም በዓመት አንዴ ሰው መስሎ የሚታይበት ሰሞን።

ቦታ፦ አዳራሹ ለሠርግ ስለተከራየ በሰብሳቢው ግቢ፣ በመንደሪኑ ዛፍ ሥር።

ሰዓት፦ ለአራት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የተከፈተ።

የተገኙ አባላት፦

1. ዶን ኤሌውቴሪዮ፣ ሰብሳቢ። ጭምብል ይሠራሉ።
2. ዶኛ ኤርሚኒያ፣ ገንዘብ ያዥ። የሸክላ ፊሽካ ይሠራሉ። አንዱን ለሥርዓት ማስከበሪያ ይዘው መጥተዋል፤ ሥርዓቱን ያደፈረሰውም እሱ ነው።
3. ዶን ናዛሪዮ፣ እንስሳ ጠራቢ። በሸለቆው ሁሉ የእሳቸውን ያህል እጅ ያለው ሰው የለም።
4. ዶኛ ሴለሪና፣ የዶን ናዛሪዮ ባለቤት። ባላቸው የጠረቡትን ይቀባሉ፤ ባላቸው ያልተናገሩትን ይናገራሉ።
5. ኡባልዶ፣ ጸሐፊ። እኔ ነኝ። በመንደራችን ደንብ ሹመት ተለምኖ አይገኝም፣ ተሸሽቶም አይመለጥም፤ ከስብሰባ የቀረ ሰው በሌለበት ይሾማል፣ ደመወዙም «እግዜር ይስጥህ» ነው። ኳስ ልጫወት ሄጄ ስመለስ ራሴን ጸሐፊ ሆኜ አገኘሁት። ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርኩ ከሌላው የበለጠ ተምሯል ተብሏል።

ያልተገኙ፦ የቀሩት በሙሉ። ገበያ ላይ ናቸው፤ ብልህ ናቸው።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ደንቡ ሰባት ሰው ይላል። አምስት ነን። ዶኛ ኤርሚኒያ ሰብሳቢው በውፍረታቸው እንደ ሁለት ሰው እንዲቆጠሩ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው ክብራቸው መነካቱን ገልጸው ተቃወሙ። ይሁንና በዚህ ስሌት እንኳ ስድስት ብቻ መሆናችን ሲረጋገጥ፣ ራሳቸው ሰብሳቢው «እንግዲያው ሦስት በሉኝና እንጀምር» ስላሉ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የዶን ናዛሪዮ ጉዳይ

ዶኛ ሴለሪና ባላቸው የፊታችን ሰኞ ጥርቡን ትተው ወደ ውቅያኖሱ ዳርቻ እንደሚወርዱና በአንድ ሆቴል ዘበኛ ሆነው እንደሚገቡ አስታወቁ። ምክንያቱን እንዲያብራሩ ሲጠየቁ እንዲህ ማለታቸው ቃል በቃል ተመዝግቧል፦

«ዘንድሮ ከሱቃችን አንዲት ጥንቸል እንኳ አልወጣችም። ቱሪስቱ ይመጣል፣ ያነሳል፣ ያገላብጣል። ጆሮው እኩል፣ ጥፍሩ እኩል፣ የጀርባው ነጠብጣብ በመስመር። ከዚያ ‹ይሄማ የማሽን ነው› ይልና ቁጭ አድርጎት ወደዚያ፣ ወደዚያ ቀበኛ ሱቅ ይሻገራል።»

ቀበኛ የተባለው ጸሐፊው መሆኑ በጣት ተጠቁሟል።

ጸሐፊው ክሱን አልካደም። ጸሐፊው የሚጠርበው ውሻ የጥርስ ሕመም የያዘው ድንች ነው የሚመስለው። ቱሪስት ግን «የሰው እጅ ያረፈበት!» እያለ አቅፎት ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ፈረሴን «እንዴት ያለች ኤሊ ናት» ብሎ ገዝቶኛል፤ አላረምኩትም።

ዶኛ ኤርሚኒያ አበልጃቸው ዶን ናዛሪዮ ለዘበኝነት እንደማይሆኑ በመግለጽ ተከራከሩ። «እርስዎ ሌባ ቢይዙ እኮ፣ አበልጄ፣ ወንበር ስበው ያስቀምጡታል» ብለዋል።

ዶን ናዛሪዮ ሐሳብ እንዲሰጡ ሲጠየቁ «ምን እላለሁ፤ በር መጠበቅም ሥራ ነው» አሉ። አባላት ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬት አይተዋል።

አጀንዳ 2፦ ስህተትን ግዴታ ስለማድረግ

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ገዢው የሚፈልገው ስህተት ከሆነ ማኅበሩ ስህተት ማቅረብ አለበት ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም የእጅ ሥራ ከሩቅ የሚታይ አንድ ስህተት እንዲኖረው፣ ለፋሲካ ሰሞን ደግሞ ሁለት እንዲሆን ጠየቁ።

ዶኛ ኤርሚኒያ ማብራሪያ ጠየቁ። የፊሽካ ስህተት አለመጮኽ ነው፤ የማይጮኽ ፊሽካ መሸጥ ታዲያ ስህተት ነው ወይስ ሌብነት? ሰብሳቢው የማይጮኽ ፊሽካ ለልጆች እናት ትልቅ ስጦታ ነው ሲሉ መለሱ። የእሳቸው ጭምብሎች ግን አፍንጫቸው ከጥንትም ጠማማ ስለሆነ ደንቡን ከወዲሁ ያሟላሉ አሉ። ዶኛ ኤርሚኒያም «መስታወት እያየህ ስለምትሠራቸው ነዋ!» አሉ። ፊሽካ ተነፋ። የነፉት ራሳቸው ናቸው።

ከሰፊ ውይይት በኋላ የሚከተሉት በሙሉ ድምፅ ተወሰኑ፦

ውሳኔ አንድ፦ ስህተት ግዴታ ነው።

ውሳኔ ሁለት፦ ዶኛ ኤርሚኒያ የስህተት ተቆጣጣሪ ሆነዋል። ትክክል የሆነ ዕቃ ሲያገኙ ፊሽካ ይነፋሉ።

ውሳኔ ሦስት፦ ዶን ናዛሪዮ መሳሳት ስለማይችሉ አስተማሪ ይመደብላቸው። የመንደሩ መጥፎ ጠራቢ ማን ነው የሚል ጥያቄ ቀርቦ ክርክር አላስፈለገውም። ጸሐፊው የስህተት መምህር ሆኖ ተሹሟል። እናቴም ከአጥሩ ወዲያ ሆና እጇን አውጥታ ነበር፤ አባል ስላልሆነች ድምፅዋ አልተቆጠረም።

አጀንዳ 3፦ ተግባራዊ ትምህርት

ለዶን ናዛሪዮ ቢላና ኮፓል ከተባለው ለስላሳ እንጨት ቅርንጫፍ ቀረበላቸው። አውራ ጣት የምታህል ውሻ እንዲጠርቡ ታዘዙ።

መምህሩ ቢላውን ወደፈለገው እንዲለቁት አስተማረ። ዶን ናዛሪዮ «ሳላይ ነው እንዴ የምጠርበው?» ብለው ጠየቁ። መምህሩም «ይዩት፤ ግን ሌላ ነገር ያስቡ» አለ። «ምን ላስብ?» ሲሉ «እኔ ምሳ ነው የማስበው» ተባሉ። ዶን ናዛሪዮ ምሳ እያሰቡ ጠረቡ። የወጣችው ውሻ ልትጮኽ ምንም አልቀራትም። ፊሽካ ተነፋ።

ሰብሳቢው ሜስካል የተባለው የአገራችን አረቄ እንዲቀመስላቸው አዘዙ። አንድ ሲጠጡ እጃቸው ይበልጥ ጸና። ለማመሳከር ሰብሳቢውም ጠጡ፤ የእሳቸው አልጸናም። በመቀጠል ዶኛ ሴለሪና ባላቸውን እንዲነዘንዙ ጉባኤው ጠየቀ። «ለዚህ ሹመት አያስፈልገኝም» ብለው ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ ስለ ወንድማቸው፣ አህያዋን በርካሽ ስለሸጡበት ቀን ዘረዘሩ። ዶን ናዛሪዮ ከሠርጋቸው ማግስት ጀምሮ በዚሁ ድምፅ ሲጠርቡ የኖሩ በመሆናቸው ሁለተኛዋ ውሻ ከመጀመሪያዋም አማረች። ፊሽካ ተነፋ።

በመጨረሻ መምህሩ ከራሱ ሥራ አንድ ውሻ ከኪሱ አውጥቶ ይህን አስመስለው እንዲሠሩ ሰጣቸው። ዶን ናዛሪዮ ውሻውን ወደ ብርሃን አንስተው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ኡባልዶ፣ ልጄ።»

«አቤት፣ ዶን ናዛሪዮ።»

«ይቺ እግሩ ናት ጅራቱ?»

«እኔም አላውቅም።»

«እሺ» ብለው ጠረቡት። ግራ ጆሮው የተጎረሰ፣ አፉ ወደ ጎን የሸሸ፣ ያቺም ነገር፣ እግርም ትሁን ጅራት፣ በቦታዋ። አባላት አጨበጨቡ። ዶን ናዛሪዮ ጭብጨባ ስለማያውቁ ደንግጠው ሌሎች አራት ጨመሩ። ተማሪው ትምህርቱን በከፍተኛ ማዕረግ እንዳጠናቀቁ ተወሰነ። መምህሩ እንደዚህ ያለ ማዕረግ አይቶ እንደማያውቅ ይመዝገብልኝ።

አጀንዳ 4፦ በቱሪስት ላይ የተደረገ ሙከራ

ጸሐፊው ከመንገድ አንድ ቱሪስት ይዞ እንዲመጣ ተላከ። ሰብሳቢውም እንግዳ በቆሻሻ ግቢ አይገባም ሲሉ አሳሰቡ። እስክመለስ ግቢው ተጠርጎ፣ የቅርፊቱ ፍርፋሪ ከአጥር ውጭ ተጥሎ፣ ቢላው ታጥቦ ተደብቆ፣ መሬቱ ውሃ ተረጭቶ ነበር። አምስቱ ጠማማ ውሾች በነጭ ጨርቅ ላይ ተሰልፈዋል።

ይዤ የመጣሁት ሊስቤት የተባለች የሆላንድ ነርስ ናት። ዕረፍት ላይ ነች። የገዛችውን የሣር ባርኔጣ ዋጋው እንደተለጠፈበት አድርጋ፣ የተጠበሰ አንበጣ ከወረቀት እየቆረጠመች ገባች። ቋንቋችንን በዝግታ ትናገራለች።

የመጀመሪያውን ውሻ አንስታ «ወይ ጉድ! እንዴት ያለ ጠማማ!» ብላ ሳቀች። ሰብሳቢው ዶን ናዛሪዮን በክርናቸው ጎሰሙ። ሁለተኛውን አነሳች። ሦስተኛውን አነሳች። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዛ ጆሮ ከጆሮ አስተያየች።

«አምስቱም አንድ ናቸው» አለች። «ይቺ ጭረት እንኳ። በቅርጽ ማውጫ ማሽን ነው አይደል የምታወጧቸው?» ከዚያ በትሕትና «ፋብሪካችሁ የት ነው?» ስትል ጠየቀች።

ዶኛ ኤርሚኒያ ፊሽካቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ።

ዶን ናዛሪዮ ተነሱ። በማኅበሩ ታሪክ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ ሁሉም እንዲጻፍ ታዟል፦

«እመቤት፣ እነዚህ የተቀዱበትን ውሻ ያጠመመው ይሄ ልጅ ነው። ያጠመመው ስለማይችል ነው። እኔ አምስት ጊዜ ያጠመምኩት ግን ስለምችል ነው! ፋብሪካ አሉኝ? ይቀመጡ!»

ሊስቤት ተቀመጠች። ሰብሳቢውም ሳይታዘዙ ተቀመጡ።

ዶን ናዛሪዮ ገጀራ ይዘው ከእንጨቱ ክምር አንድ ጎባጣ ቅርንጫፍ መዘዙ። ፊቷ አቅርበው «ምን ይታይዎታል?» አሉ። «እንጨት» አለች። «ይሁን» ብለው ጀመሩ።

ከዚህ በኋላ ለብዙ ጊዜ የተነገረ ነገር ስለሌለ የሚመዘገብ የለም። የሰብሳቢው ምሳ አረረ፤ ማንም አልተነሳም። የቱሪስቶቹ አውቶቡስ ከአደባባይ ጡሩንባውን ነፋ፣ ደግሞ ነፋ፣ ተቆጥቶ ሄደ። ሊስቤት አልዞረችም። የቅርፊቱ ፍርፋሪ ጫማዋን ሸፍኖታል፤ አንዱን አንስታ አሸተተችው። የቅርንጫፉ ጉብጠት አንገት ሆነ። ጆሮውን በኋላ እግሩ የሚያክ ውሻ ብቅ አለ፤ እኔ ራሴ ቁንጫው የት ጋ እንዳለች አወቅሁ።

ሴትየዋ አሁኑኑ ካልገዛሁት አለች። ዶን ናዛሪዮ አይሆንም አሉ። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ይሰነጠቃል፤ ጥላ ውስጥ ደርቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ ከዚያ ነው ሴለሪና የምትቀባው፤ ከአንድ ወር በፊት አይሰጥም።

ቢሰነጠቅም ግድ የለኝም አለች። «እኔ ግድ አለኝ» አሉ።

ዶኛ ኤርሚኒያ በጠረጴዛው ሥር የአበልጃቸውን እግር ረገጡ። ሰብሳቢው ትርጉም ያለው ሳል ሳሉ። ጉባኤው ሚስትየዋ ባላቸውን እንዲመክሩ ለመናቸው። ዶኛ ሴለሪና ግን ክንዳቸውን አጣጥፈው «እኔ በእርጥብ እንጨት ላይ ብሩሽ አላነሳም» አሉ። ሁለቱ በአንድ ሐሳብ ሲስማሙ ታይቶ ስለማይታወቅ ክርክሩ ተዘጋ።

ሊስቤት ቀብድ ከፍላ፣ ሲደርቅ በፖስታ እንዲላክላት አድራሻዋን ሰጥታ፣ አውቶቡሷ እንደሄደ ያኔ ገና ትዝ ብሏት እየሳቀች ማደሪያ ፍለጋ ወጣች።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

ዶኛ ኤርሚኒያ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሱ። ሰኞ ዘበኛ የሚሆን ሰው የአንድ ወር ትዕዛዝ እንዴት ይቀበላል?

ዶን ናዛሪዮ ውሻውን ይዘው ጥላ የበዛበት ቦታ እየፈለጉ ነበር።

«ሰኞ?» አሉ። «ሰኞማ መገልበጥ አለበት። ማክሰኞም። በአንድ ጎኑ ከደረቀ ይጣመማል። ማን ይገለብጥልኛል፣ ኡባልዶ?»

ይህ ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ተሳቀበት። ጸሐፊውም ከሳቁት አንዱ ነው።

«ሆቴሉስ?» አሉ ዶኛ ሴለሪና፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠነ።

«በሩን ሌላ ሰው ይጠብቀው» አሉ ባላቸው።

ዶኛ ሴለሪና ወዲያው ስለሚያፈሰው ጣሪያ ካቆሙበት ቀጠሉ። ፊታቸው ግን ወደ ዛፉ ነበር፤ በመሐረባቸው ዓይናቸውን የጠረጉት አቧራ ገብቶባቸው መሆኑን እንድጽፍ አዘውኛል።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሲዘጋ ጥላው ስለዞረ ዶን ናዛሪዮ እሱን ተከትለው ውሻውን እያዛወሩ ስለነበር አልፈረሙም። የቀሩት አባላት የሚከተለውን ወስነዋል፦

ውሳኔ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ተሽረዋል። ተቆጣጣሪም መምህርም የለም። ከእንግዲህ እያንዳንዱ አባል እንደየአቅሙ ይሳሳት፤ መሳሳት ያልቻለም አይገደድ።