«ምንም የለው» የተባለው ሽሮ

የእኛ ሰው ምግብ ሲያቀርብ መጀመሪያ የሚያቀርበው ይቅርታውን ነው። ሲንጎዳጎድ ውሎ፣ ገበታው ሊሰበር ደርሶ፣ «እንዲያው ምንም የለው፣ ቅመሱት» ይላል። እንግዳውም አንድ ጉርሻ እንኳ ሳይቀምስ «ኧረ ምን ጎድሎት!» ብሎ መመለስ አለበት። ይህ ውሸት አይደለም። ጋቢ እንደማጠፍ ነው፤ አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ጫፉን ይይዛል። አንደኛው ከለቀቀ ጋቢው መሬት ለመሬት ይጎተታል። እናንተም እንዲሁ ናችሁ፤ አትሸሽጉኝ።

ልጄ ሩት ግን ጫፉን ለቀቀችው።

ሩት እዚሁ ቶሮንቶ የተወለደች፣ ያኔ ሰባተኛ ክፍል የነበረች ልጅ ናት። ትምህርት ቤቷ ጠዋት ጠዋት በየክፍሉ ቴሌቪዥን የሚታይ የተማሪዎች ዜና ነበረው፤ የሚያዘጋጁትም የሚያነቡትም ልጆቹ ናቸው። መጀመሪያ የሰጧት ማስታወቂያ ማንበብ ነበር፤ ጓንት የጠፋበት ይምጣ፣ የዋና ቀን ተለውጧል፣ ይኸው ነው። «እንኳን በሰላም አደራችሁ ሳትይ ዘለሽ ጓንት ውስጥ ትገቢያለሽ?» ብላት «ማሚ፣ ሠላሳ ሰከንድ ነው ያለኝ» አለች። እኛ በሠላሳ ሰከንድ ገና ጤና እየተጠያየቅን ነው።

ማስታወቂያውን ስትለምድ ሪቪው ተሰጣት። ሪቪው ማለት አንድ ነገር አይቶ ወይም ቀምሶ ጥሩውንም መጥፎውንም መናገር ነው አለችኝ። ገባኝ፤ ሂስ ነው። እኛ ከቀበሌ ሂስና ግለ ሂስ አምልጠን፣ በረሃ አቋርጠን፣ በረዶ ውስጥ ገብተን፣ ልጄ ጄን ኤንድ ፊንች የሚባለው ሰፈራችን ፎቅ ላይ ድረስ ታመጣብኛለች!

የመረጠችው ደግሞ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ያለውን የእትዬ ብርቄን ምግብ ቤት ነው። እትዬ ብርቄ ማለት እዚህ አገር ስገባ ማንንም ሳላውቅ ክረምቱን ሙሉ ቤታቸው ያኖሩኝ፣ ሩትን ስወልድም ያራሱኝ ናቸው። እሳቸውን ከማስቀይም ጾሜን ብገድፍ ይሻለኛል። ሩት መጀመሪያ የጻፈችውን መምህሯ «ይሄ የንግድ ማስታወቂያ ነው፤ እንከኑ የታለ?» ብሎ መለሰባት። እንከን ካላመጣች ተራው ለሌላ ልጅ ሊሰጥ ነው።

«በሩ ላይ ያለው ደረጃ ያዳልጣል በይ» አልኳት።

«ማሚ፣ እሱ እኮ በረዶ ነው።»

«ታዲያ በረዶውን ውቀሺ!»

ቅዳሜ ሄድን። ዐቢይ ጾም ስለነበር ሽሮና ጎመን ቀረበልን፤ ሽሮው እየተንተከተከ መጣ። እኛም ጠረግነው። ሩት የትምህርት ቤቱን ካሜራ ትከሻዋ ላይ አድርጋ «እትዬ፣ ምግብሽ ጥሩ ነው?» አለች። «አንቱ» ማለት እንደሁ እስከ ዛሬም አልሆነላትም።

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አቀረቀሩ። «ኧረ ምን ምግብ አለና ልጄ! ሽሮውም ቀጥኖብኛል፣ እንጀራውም እንደነገሩ ነው። እንዲያው ቅመሱት ብዬ እንጂ ለሰው የሚቀርብ ሆኖም አይደል።»

«ኧረ ምን ጎድሎት!» ልል አፌን ስከፍት ሩት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ድምፅ ይገባል ማለቷ ነው። ዋጥኩት። ደግሞስ ይህንን ቆርጣ ታወጣዋለች ብዬ ነው።

ሰኞ ጠዋት በየክፍሉ ታየ። እትዬ ብርቄ አቀርቅረው ይናገራሉ፣ ሩት በእንግሊዝኛ ትከተላቸዋለች፦ የምግብ ቤቱ ባለቤት ራሷ እንዳመነችው ሽሮው ቀጭን ነው፣ እንጀራው እንደነገሩ ነው፣ ለሰው የሚቀርብ አይደለም። መምህሩ «እንዲህ ያለች ሐቀኛ ነጋዴ አይቼ አላውቅም» ብሎ አመሰገነ። ሩት ካሴቱን ይዛ እየዘለለች መጣች። ከፍታ ስታሳየኝ የእኔ ዓይን ስልኩ ላይ ነበር።

ወሬ ዳንፎርዝ ለመድረስ ባቡር አይጠብቅም። ልጇ ሩት ትምህርት ቤት የምትማር አንዲት ደንበኛ ነግራቸው ኖሮ፣ እራት ሳይደርስ ስልኩ ጮኸ።

«የሩት እናት፣ ምን በደልኩሽ?»

«ኧረ እትዬ! ልጅቷ እኮ እርስዎ ያሉትን ነው...»

«እኔማ እላለሁ! ሰው ምንም የለው ሲል ኧረ ምን ጎድሎት ይባላል እንጂ ዝም ተብሎ ይቀረጻል? አንቺስ እዚያው አልነበርሽም? ምላስሽን ምን ያዘው?»

«በይ ደህና ሁኚ» እንኳ ሳይሉ ዘጉት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝም ከሩቅ እጅ ነሱኝና አለፉ። ከሩቅ እጅ መንሳት ከስድብ ይከፋል። ተኳርፎ ደግሞ ምን ጾም አለ?

ሩትን አስቀምጬ ነገርኳት። «ታዲያ ለምን ዋሸች?» አለችኝ። «ውሸት አይደለም፣ ትሕትና ነው።» «የቱ የቱ እንደሆነ በምን ልወቅ?» እሷው አንድ ነገር አሰበች፤ ሰው ራሱን ማመስገን ነውር ከሆነበት ሌላ ሰው ያመስግነው፤ ማስተካከያ ይሠራል፤ የምትናገሪውም አንቺ ነሽ አለችኝ።

አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ ሐኪም ቤት እንኳ ልጄን አስተርጓሚ አድርጌ የምሄድ ሴት፣ አማትቤ ካሜራ ፊት ቆምኩ። የሽሮውን ውፍረት፣ የእንጀራውን ዓይን፣ በዚያ ክረምት በእጃቸው ያጎረሱኝን ሳይቀር ዘረገፍኩት። ሩት ተረጎመችው፣ ታየ። ካሴቱን ለእትዬ ብርቄ ወሰድንላቸው።

«ምነው፣ አበዛሽው እኮ!» አሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ታረቅን ማለት ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ባበቃ መልካም ነበር። እኔ ምስጋናዬን ስጨርስ፣ ሩት ካሜራውን ሳታጠፋ «አንቺስ ማሚ፣ ቤት የምትሠሪው ምግብ እንዴት ነው?» ብላኝ ነበር። ምን ልበል? እኔም የጨዋ ልጅ ነኝ። «ኧረ እኔ ምን ምግብ እሠራለሁና! እሷም እንዲያው እግዚአብሔር ጠብቋት ነው ያደገችው» አልኩ። ይህም ተተረጎመ፤ ይህም ታየ።

በማግሥቱ መምህሩ ከቤቱ ሳንድዊች ጠቅልሎ ለሩት አመጣላት። ነገም እንደሚያመጣላት፣ ምንም እንዳታፍር ነገራት።

«ምን አልሽው?» አልኳት ደንግጬ።

«ቴንክ ዩ።»

«ኧረ ቤታችን ሙሉ ነው አትይም?»

«አንቺ አይደለሽም ምግብ የለም ያልሽው?»

«ለመሆኑ... ሥጋ ነበረው?»

«ማሚ፣» አለች ዓይኗን ወደ መስኮቱ መልሳ፣ «በጣም ይጣፍጥ ነበር።»

መምህሩን ደውዬ ልቆጣው አስቤ ነበር። ግን ምን ብዬ? ቃሌን አመንክ ተብሎ ሰው ይወቀሳል?