የዳይፐሩን ጉዳይ ለመቋጨት የተጠራ አስቸኳይ የቤተሰብ ስብሰባ

ቀን፦ የመጋቢት ወር የመጨረሻው እሑድ፣ ከምሳ በኋላ
ቦታ፦ የሕፃኑ ወላጆች ሳሎን

የተገኙ፦
ሰብሳቢ፣ የሕፃኑ አባት አጎት፣ ጡረታ የወጡ የትራፊክ ፖሊስ፣ በቤተሰቡ ዘንድ ጋሼ ፊሽካ የሚባሉት
የአባት ወገን አያት፣ የአባት እናት፣ ባለ ሱቅ
የእናት ወገን አያት፣ የእናት እናት፣ ልብስ ሰፊ
የሕፃኑ አባት፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ
የሕፃኑ እናት፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ የወሊድ ፈቃዷ ዛሬ የሚያበቃ
ጸሐፊ፣ የአባት እህት፣ ማለትም እኔ። በመሥሪያ ቤቴ ቃለ ጉባኤ ስለምይዝ እዚህም እንድይዝ ሳልጠየቅ ተመርጫለሁ።
ታዛቢ፣ ሕፃኑ፣ ድምፅ የመስጠት መብት የሌላቸው፣ ድምፅ ግን ያላቸው

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ የአባት ወገን አያት ሕፃኑም እንዲቆጠሩ ጠይቀዋል። የእናት ወገን አያት በበኩላቸው፣ ሕፃኑ የተኙት እሳቸው እቅፍ ውስጥ በመሆኑ ከተቆጠሩ በእሳቸው ወገን ይቆጠሩልኝ ብለዋል። ሰብሳቢው ያለ ሕፃኑም ምልዓተ ጉባኤው የተሟላ መሆኑን አስታውቀው ስብሰባውን ከፍተዋል።

የስብሰባው መጠራት ምክንያት

ባለፈው ሳምንት አጋማሽ ላይ የሕፃኑ መቀመጫ ቀልቶ ተገኝቷል። አንደኛው ወገን ጥፋቱን በርካሹ ዳይፐር፣ ሌላኛው ወገን በውዱ ላይ አድርጓል። ሐሙስ ዕለት ወላጆቹ ዳይፐር ለመግዛት አብረው ወጥተው ሳለ፣ አባት ከመደርደሪያው ፊት ቆሞ «ኧረ ሁሉም ያው ነው» በማለቱ እናት ከዚያ ወዲህ ከወተትና ከጡጦ ጉዳይ በቀር አላነጋገረችውም። ሁለቱ አያቶች ደግሞ በስልክ ተነጋግረው ስልኩ ከሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ተዘግቷል። ስለዚህ ጋሼ ፊሽካ ጣልቃ እንዲገቡ ተገደዋል።

አጀንዳ አንድ፦ ውዱ ዳይፐር ከርካሹ ይሻላል ወይ?
አጀንዳ ሁለት፦ እናቱ ነገ ሥራ ስትጀምር ሕፃኑ ማን ዘንድ ይዋሉ?

ሰብሳቢው ሁለተኛው አጀንዳ ጠብ ሊያስነሳ ስለሚችል ቀለል ካለው እንጀምር ብለዋል።

አጀንዳ አንድ

የእናት ወገን አያት ዕድሜያቸውን በጨርቅ መሃል ያሳለፉ መሆናቸውን ካስታወሱ በኋላ፣ የውዱን ዳይፐር ውስጡን በጣታቸው አሽተው እንዳዩትና ለሙሽራ ቀሚስ ገበር ቢሆን እንኳ እንደማያሳፍር ገልጸዋል። ርካሹን በተመለከተ ሲራመዱበት የሚንኮሻኮሽ ነገር ለሰው ልጅ አይለበስም፣ ልጁ ገና ባይራመድም ወደፊት መራመዱ አይቀርም ብለዋል።

የአባት ወገን አያት በሰጡት መልስ፣ ዳይፐር ውስጥ የሚገባው ነገር ዋጋ አይቶ እንደማይገባ ጠቁመዋል። እሳቸው አራት ልጅ ያሳደጉት በተቀደደ አንሶላ መሆኑን፣ ከአራቱም ዛሬ ተጣሞ የሚቀመጥ አንድም አለመኖሩን አስረድተው የሕፃኑ አባት በማስረጃነት እንዲቆም ጠይቀዋል። አባት ቆሟል። ዞር በል ተብሎም ዞሯል። የእናት ወገን አያት ማስረጃውን በጥሞና ከተመለከቱ በኋላ አሳማኝ ሆኖ እንዳላገኙት ተናግረዋል። አባት ተቀምጧል።

በመቀጠል የእናት ወገን አያት የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አንስተዋል። የአባት ወገን አያት ርካሹን ዳይፐር በሱቃቸው የሚሸጡ በመሆኑ የጥቅም ግጭት አለባቸው፣ ድምፅ ሲሰጥ ከክፍሉ ይውጡ ሲሉ ጠይቀዋል። የተጠየቁት አያት ሱቃቸው ጨውም ሳሙናም የሚሸጥ መሆኑን ጠቅሰው፣ እንዲህ ከሆነ ልብስ ሰፊ ስለሚለበስ ነገር አስተያየት እንዳትሰጥ ይወሰንልኝ ብለዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ሁለቱም አያቶች እንዲቆዩ፣ ሆኖም ድምፅ ሲሰጥ እንዳይተያዩ አንዳቸው ወደ መስኮቱ፣ ሌላኛቸው ወደ ወጥ ቤቱ ዞረው እንዲቀመጡ ተወስኗል።

በዚህ ጊዜ ታዛቢው ነቅተው ረዘም ያለ አስተያየት ሰጥተዋል። ጡጦ ከቀረበላቸው በኋላ አስተያየታቸውን አንስተዋል።

ሰብሳቢው በአገልግሎት ዘመናቸው መኪኖችን በታርጋ ቁጥር ጎዶሎና ሙሉ እየለዩ መንገድ ያስለቀቁ መሆናቸውን ጠቅሰው ዳይፐሩም በዚሁ አሠራር እንዲስተናገድ ሐሳብ አቅርበዋል። ይኸውም በጎዶሎ ቀን ውዱ፣ በሙሉ ቀን ርካሹ እንዲደረግ ነው። አባት እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ዳይፐር በሁለት ቀን መካከል ቢገኝ ምን ይደረጋል ብሎ ጠይቋል። ሰብሳቢው እንዲህ ያለ ጥያቄ መንገድ ለመዝጋት ብቻ የሚነሳ ነው ብለዋል። አያቶቹ ሌላኛዋ የምትቃወም መስሏቸው ሁለቱም እጃቸውን በማንሳታቸው ሐሳቡ ጸድቋል። እናት ድምፅ አልሰጠችም። ድምፅ ያልሰጠች መሆኗንም ያስተዋለ የለም።

ሰብሳቢው ውሳኔው በማስረጃ እንዲደገፍ በማሰብ በሁለቱ ዳይፐሮች ላይ አንድ አንድ ብርጭቆ ውኃ ይፍሰስ ብለዋል። አያቶቹ ሕፃኑን ዛሬውኑ ይዘው ለመሄድ አስበው ኖሮ ሁለቱም ዕቃቸውን በቦርሳ ይዘው መጥተዋል። ስለዚህ አባት ከየቦርሳው አንዳንድ ዳይፐር እንዲያወጣ ታዟል።

አባት የእናቱን ጥቁር ቦርሳ ሲከፍት ውዱን ዳይፐር አግኝቷል። የአማቱን አበባማ ቦርሳ ሲከፍት ርካሹን አግኝቷል። ቦርሳ አምታትተህ እንዳይሆን ተብሎ ተጠይቆ፣ በጥቁሩ ውስጥ የእናቱ መነጽር፣ በአበባማው ውስጥ የአማቱ መርፌና ክር ያለ መሆኑን አሳይቷል።

የአባት ወገን አያት እንዲያስረዱ ተጠይቀው፣ ልጁ እሳቸው ዘንድ ሲያድር ውዱ ከተደረገለት ሳይነቃ እንደሚያነጋ፣ እሳቸውም እንደዚያው ሳይነቁ እንደሚያነጉ ተናግረዋል። ውዱ በሱቃቸው ስለሌለ ከፊት ለፊታቸው ካለው ሱቅ፣ ማለትም ከተፎካካሪያቸው፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ሲገዙ መክረማቸውንም አልሸሸጉም።

የእናት ወገን አያት በተራቸው፣ ያን የመሰለ ገበር ቀን በቀን አውልቆ መጣል አንጀታቸውን ስለበላቸው ውዱን ለእንግዳ ፊት ብቻ እንደሚያወጡት ገልጸዋል። ርካሹን ጎረቤታቸውን ልከው እንደሚያስገዙ፣ ከየት እንደሚያስገዙ ግን ለስብሰባው ጠቃሚ ሆኖ እንዳላገኙት ተናግረዋል። ሰብሳቢው ጠቃሚ ነው በማለታቸው ቀስ ብለው «ከእሳቸው ሱቅ» ብለዋል።

«ያቺ ረጅም ሴትዮ የእርስዎ ጎረቤት ናት?» ሲሉ የአባት ወገን አያት ጠይቀዋል። ናት መባሉን ሰምተውም ጥሩ ደንበኛ መሆኗን መስክረዋል። ከዚያ መጀመሪያ እሳቸው፣ ቀጥሎም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው የእናት ወገን አያት ስቀዋል።

ሰብሳቢው ሳቁ ሲበርድ፣ እንግዲያው መቀመጫውን ያቀላው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ አሁንም እንዳልተመለሰ በማስታወስ ከሳሽና ተከሳሽ ቦታ ተቀያይረው እንደገና እንዲጀምሩ ጠይቀዋል። አያቶቹም ሳይውል ሳያድር ተስማምተው፣ አንዳቸው ቅድም ሌላኛቸው የተናገሩትን መናገር ጀምረዋል።

በዚህ መሃል የሕፃኑ እናት ተናግራለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ቅላቱ ዓርብ ዕለት ጠፍቷል። ማንም ገልጦ አላየም፣ እኔንም የጠየቀኝ የለም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ዳይፐሩ አይደለም። ነገ ሲነቃ ዓይኑ እኔን ይፈልጋል፣ እኔ ግን ፖስታ ቤት ቁጭ ብዬ የሰው ደብዳቤ ላይ ማኅተም እመታለሁ። በየቀኑ ማን ይውሰደው፣ ምን እናልብሰው ትላላችሁ። ትቼው ስወጣ እኔ ምን እንደምሆን አንድ ሰው እንኳ አላሰበም።»

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተመዘገበ ነገር የለም። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነበር።

ሰብሳቢው አንድ ጊዜ እጃቸውን አንስተው፣ ምን ምልክት ለማሳየት እንደሆነ ሳይታወቅ መልሰው አውርደዋል። አባት ጉሮሮውን ጠርጓል።

«የዓመት ፈቃዴን ከነገ ጀምሮ ወስጃለሁ» አለ። «እስክትለምጂው ድረስ እኔ ነኝ ቤት የምውለው። ምሳ ሰዓትሽ ላይ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ታጠቢዋለሽ። ሐሙስ አብሬሽ የወጣሁት ይህን ልነግርሽ ነበር። ዳይፐሩ መሃል ገባ።»

እናት ወደ እሱ ዞራለች። «ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ምን ዘጋህ?» ብላለች። አባት የምትናገረው ስለ ጡጦ ብቻ ስለነበር መግቢያ እንዳጣ አስረድቷል።

ስብሰባው ከተከፈተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ አያቶች በአንድ ወገን ቆመው ተቃውመዋል። ሽቦ የሚይዝ እጅ ልጅ አይይዝም፣ ልጁ ከምሳ በፊት ከአልጋ ይወድቃል፣ እሱም ከምሳ በፊት ያለቅሳል ብለዋል። ስለዚህ አባት እዚያው፣ በሁሉም ፊት፣ ዳይፐር እንዲቀይር ጠይቀዋል። አባት ተቀብሏል። ታዛቢውም መቀየር የሚያስፈልጋቸው መሆኑን በጠረናቸው አረጋግጠዋል።

አባት ሶፋው ላይ ፎጣ አንጥፎ ልጁን አስተኝቷል። በአንድ እጁ ሁለቱን እግሮች ይዞ፣ በሌላኛው ጠርጎ፣ ቅባት ቀብቶ፣ አዲሱን አስሯል። ወገቡ ላይ ሁለት ጣቱን አስገብቶ እንዳልጠበቀ አይቷል። ሲሠራ ለልጁ ስለ አንድ የተቃጠለ ቆጣሪ እየተረከለት ነበር። ልጁም ዓይኑን ሳይነቅል አዳምጦታል። የእናት ወገን አያት ልጁን አንስተው ዙሪያውን አገላብጠው ከመረመሩ በኋላ፣ አንድ ስፌት እንኳ የሚፈታ እንዳላገኙ ተናግረዋል። የአባት ወገን አያት ይህን ማን አስተማረህ ብለው ሲጠይቁ፣ ንጋት ላይ እሷ እንዳትነሳ ብዬ ስቀይር ከረምኩ ብሏል። እናት ይህን አላወቀችም ነበር። እንቅልፉ ጥሩ የሆነ ልጅ ነው ስትል መክረሟን ተናግራለች።

አባት ካለው መካከል እጁ የደረሰበትን አንስቶ ስለነበር፣ ያደረገለት ውዱን ይሁን ርካሹን ጸሐፊዋ ልብ አላለችም። ተሰብሳቢዎቹም ተጠይቀው ያየ አልተገኘም። ሕፃኑን ገልጦ ለማየት የቀረበው ሐሳብ ድጋፍ በማጣት ወድቋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከአጭር ውይይት በኋላ በዚህ ስብሰባ ስለ ጎዶሎና ሙሉ ቀን፣ ስለ አያቶች አቀማመጥና ስለ ውኃው ሙከራ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ አጀንዳ ሁለትም ሳይነሳ እንዲዘጋ፣ ዳይፐሩን የሚመርጠውም የሚቀይረው ሰው እንዲሆን ተወስኗል። አያቶቹ ዕቃቸውን ይዘው፣ ያለ ሕፃኑ፣ በአንድ ታክሲ እንዲሄዱ ራሳቸው ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተፈጽሟል። ከዚያ በፊት ሰብሳቢው በውሳኔው ላይ ድምፅ ሲጠይቁ ሁሉም እጃቸውን አውጥተዋል። ልጁን አቅፋ የነበረችው እናት ግን እጇ ስላልተለቀቀላት ድጋፏን ጭንቅላቷን በመነቅነቅ ገልጻለች።