ፊውዞቹ ኪሴ ናቸው

ሥራ ፈልጋችሁ የምታውቁ ከሆነ ያቺን ዓረፍተ ነገር ታውቋታላችሁ። «በቂ የቤተ ሙከራ የተግባር ልምድ አለኝ» የምትለዋን። ከስማችንና ከስልካችን ቀጥላ የምትመጣ፣ ማንም የማያምናት፣ ብትቀር ግን ሁሉም «የት ሄደች?» የሚላት ዓረፍተ ነገር ናት። እኔም ጽፌያታለሁ። ማመልከቻው በእጅ ይሁን ስለተባለ፣ ያውም በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ።

ጣጣዬ የጀመረውም ከዚሁ ከእጅ ጽሑፌ ነው። አባቴ ጎሬ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። የ«ሐ» እግር ተንሻፎ ከሚያይ የቤታችን ጣሪያ ሲያፈስ ቢያይ ይመርጥ ነበር፤ ጣሪያውም ያፈስ ነበር። ጽሑፌ አምሮ አደገ። ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ልማር ስሄድም ተከተለኝ።

የቤተ ሙከራውን ነገር ላጫውታችሁ፤ የዩኒቨርሲቲውን ስም ግን አልጠራም፣ ያስተማረኝ ቤት ነው። ስምንት ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ እንከባለን። ጠረጴዛው ላይ አንድ የኤሌክትሪክ መለኪያ አለ። አንዱ መለኪያውን ይይዛል፣ ሁለቱ ሽቦ ያያይዛሉ፣ አራቱ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ስንት ቀረ? አንድ። እሷ ትጽፋለች። ሴት ልጅና ቆንጆ ጽሑፍ በአንድ ቡድን ከተገኙ ደግሞ ምርጫም ውይይትም አያስፈልግም።

መለኪያውን የሚይዘው ናትናኤል የሚባል የመቱ ልጅ ነበር። ደግ ልጅ ነው፤ አትቀየሙት። «ሰብልዬ፣ ሁለት መቶ ሃያ በይ» ይለኛል፤ ሁለት መቶ ሃያ ብዬ እጽፋለሁ። ያልለካሁትን መዘገብኩ፣ ያልነካሁትን ሞተር ሥዕሉን አሳምሬ ሣልኩ፣ ስምንታችንም ኤ አገኘን። ሦስተኛ ዓመት ላይ አንድ ቀን ብሶብኝ መለኪያውን ነጠቅሁትና አምፔር ላይ እንደተቀመጠ ቮልቴጅ ልለካበት ብሞክር፣ ቷ! አለና ዝም አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ ጻፊ ባክሽ» አሉኝ። ጻፍኩ። ግን በግኜ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ክረምት ጎሬ ስመለስ ጋሼ ዱጋሳ ዘንድ ሄድኩ። ጋሼ ዱጋሳ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሁለት ሰው ተገፋፍቶ በሚቆምባት ሱቅ፣ የተቃጠለ ሞተር የሚጠመጥሙና የውሃ ፓምፕ የሚጠግኑ ሰው ናቸው። «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። ደብተሬን ከእጄ ወስደው አገላበጡት፣ አደነቁት፣ ከዚያም የሚወዛወዘው ጠረጴዛቸው እግር ሥር ወሸቁት። ሁለት ክረምት ሙሉ ከዚያ አልወጣም። እኔም ፈታሁ፣ ጠመጠምኩ፣ አሰርኩ፤ ጣቶቼ ተላጡ፣ ተቃጠሉ፣ ቀስ በቀስም ለመዱ።

ጋሼ የማይደራደሩባት ሕግ አንዲት ነበረች። «ሽቦ ከመንካትሽ በፊት ፊውዙን ነቅለሽ ኪስሽ ክተቺ። ቆጣሪው አጠገብ ካስቀመጥሽው፣ መብራት ጠፋ እኮ የሚል አንድ ቅን ሰው መጥቶ ይሰካውና ይገድልሻል።»

ተመረቅሁ። እዚያው ከጎሬ ብዙ በማትርቀው ቡሬ ከተማ ያለ አንድ የቡና መፈልፈያ የኤሌክትሪክ ቴክኒሽያን ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። በሩ ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ናትናኤልን። ተቃቀፍን። ቦታው አንድ፣ እኛ ሁለት።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ከፍያለው ፈተና ማዘጋጀት አላስፈለጋቸውም። ትልቁ ሞተር ከጠዋት ጀምሮ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም፤ ግቢው ቡናቸውን በጆንያ ይዘው በመጡ ገበሬዎች ሞልቷል። «ያስነሳ ይቀጠራል!» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? መለኪያውን ለናትናኤል፣ ደብተርና እስክሪብቶ ለእኔ። «ማመልከቻሽን አይቼዋለሁ፤ እጅሽ ያምራል። እሱ የሚልሽን መዝግቢ።»

ደብተሩን ጆንያ ላይ አስቀመጥኩት።

«አልጽፍም» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። «መጀመሪያ እሱ ይሞክር፤ ካልሆነለት እኔ እሞክራለሁ። መጻፍ ግን አልጽፍም።»

ናትናኤል ወደ ማብሪያው የሚገባውን መስመር ለካ። ሦስቱም ሽቦዎች ኃይል አላቸው። «እንግዲያው ሞተሩ ተቃጥሏል፤ ጅማ መሄድ አለበት» አለ። ጅማ ሲባል ገበሬዎቹ ተንጫጩ።

ተራዬ ደረሰ። ሦስቱን ፊውዞች ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፣ የሞተሩን ሽቦዎች ፈታሁ። ፊውዞቹን መልሼ አበራሁና ከማብሪያው የሚወጣውን ለካሁ። ሁለቱ ሽቦዎች ኃይል አላቸው፤ ሦስተኛው ባዶ ነው። ሞተሩ በሁለት ሽቦ ሊነሳ ሲታገል ነው የዋለው። ፊውዞቹን እንደገና ወደ ኪሴ። ማብሪያውን ስከፍተው የሦስተኛው ሽቦ መነካኪያ በቡና ገለባ ትቢያ ታፍኖ ጠቁሯል። ጠረግሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አደረግሁት፣ ገጠምኩት፣ የሞተሩን ሽቦዎች መልሼ አሰርኩ።

«ጎበዝ!» አሉ አቶ ከፍያለው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልማድ ነው የያዛቸው። «እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። እሱ ሞተሩ ጋ ይሁን፣ አንቺን ቢሮ አስገባሻለሁ። ወንበር አለሽ፣ ጠረጴዛ አለሽ፤ በዚያ ጽሑፍሽ መዝገባችንን ትይዢልናለሽ። በል ልጄ፣ አስነሳው!»

ናትናኤል ቁልፉን ተጫነ። ዝም። ደገመ። ዝም። ግቢው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ፊውዞቹ ኪሴ ናቸው» አልኩ።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ያስነሳ ይቀጠራል ብለው ነበር። እሱን ነው የምጠብቀው።»

«ዱጋ ጄቴ!» አሉ ጆንያቸው ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት። «እውነቷን ነው፤ ሁላችንም ሰምተናል እኮ!»

አቶ ከፍያለው ገበሬዎቹን አዩ፣ ሞተሩን አዩ፣ ኪሴን አዩ። በመጨረሻ «እሺ፣ ቴክኒሽያን» አሉ።

«ቢሮ አይደለም?»

«ኧረ አይደለም! ስኪው በቃ!»

ሰካሁ። ራሴ አበራሁ። ሞተሩ ዞረ፣ ገለባው ተነሳ፣ እኔም ዓይኔን እንባ ሞላው፤ በገለባው አሳብቤ ጠረግሁት።

የቢሮዋ ወንበር ለናትናኤል ደረሰችው፤ ተመችታዋለች። ዛሬ እኔ እለካለሁ፤ «ናትዬ፣ ሦስት መቶ ሰማንያ በል» እለዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ባለፈው አቶ ከፍያለው የጥገና መዝገቡን ይዘው መጡ። አጋድመው አዩት፣ አቅርበው አዩት፣ አርቀው አዩት።

«ሰብለ፣ እስቲ አንብቢልኝ። ምንድን ነው የሚለው?»

እጄ እስከ ክርኔ ግራሶ ነበር። አንገቴን አስግጌ አየሁት። አንድም ፊደል አይለይም።

«እኔ እንጃ» አልኳቸው፤ «ሞተሩ ግን ይዞራል።»