ለእኔ የተያዘ ጾም

በእኛ ዘንድ ሰውነት የግል ንብረት አይደለም። ወፈር ያለ ሰው ስናይ «ተመችቶሃል» እንላለን፤ የከሳ ሲያጋጥመን ፊት ለፊት «ምነው?» ብለን ጠይቀን፣ ዘወር ሲል መልሱን ራሳችን ለጎረቤት እንሰጣለን። እናንተም አድርጋችሁታል፤ አትካዱ። በተለይ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ውስጥ ምክንያቱን ሳይናገር የከሳ ሐበሻ ስሙ የማይጠራው በሽታ ይዞታል ማለት ነበር።

እኔ ምክንያት ነበረኝ። ደረጃ መውጣት እስኪያቅተኝ ወፍሬ ስለነበር፣ ሐኪሞች ጨጓራዬን ቆርጠው እንቁላል የምታህል ብቻ አስቀሩልኝ። ለሰው ግን «የሐሞት ጠጠር ነው» አልኩ። ለመክሳት ብሎ ሆድን ማስቆረጥ ለሐበሻ እንዴት ይነገራል? ሆድ ይፍጀው እንዳልል ደግሞ፣ የቀረችኝ ሆድ እንኳን ምስጢር እንጀራም አትችል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» የሚለው ሕዝባችን ሁለተኛውን ሲያጎርሰኝ ላብ ያጠምቀኛል፣ ልቤ ይደልቃል፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ወለሉ ላይ እጋደማለሁ። ይህን ለመድኩት።

ያልለመድኩት ሆዴ ከተቆረጠ በአራተኛው ዓመት የመጣውን ነው። የተቆረጠ ጨጓራ ከምግብ የማያገኘውን ለመተካት በየወሩ የምወጋውን የቫይታሚን መርፌ፣ ደህና ነኝ ብዬ ከተውኩ ቆይቼ ነበር። መጀመሪያ የእግር ጣቶቼ ሄዱ። አላመሙኝም፤ ዝም ብለው ሄዱ። ሌክ ሜሪት ሐይቅ ዳር በጠራራ ፀሐይ ስራመድ ኮቴዬን እሰማለሁ፣ መሬቱ ግን አይሰማኝም። አንድ ቀን፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ከጠዋት ጀምሮ የፈለግሁትን የሎከር ቁልፍ፣ ጫማዬን ሳወልቅ ተረከዜ ሥር አገኘሁት። ጥርሱ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል፤ ካልሲዬ በደም ርሷል። አልጮህኩም። የሌላ ሰው እግር የማይ ነበር የመሰለኝ፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

ሐኪሙ መርፌውን ቶሎ ካልጀመርኩ የእግሬ ስሜት ጨርሶ ላይመለስ እንደሚችል ነግሮኝ ለሐሙስ ከሰዓት ቀጠረኝ።

በዚያው ሳምንት ሳን ሆዜ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ስለ እኔ መክሳት የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ያዘች። ሰኞ እትዬ አስካለ ደወሉ። የጸሎት ቡድኑ መሪ ናቸው፤ ጉርሻቸው ጡጫ ያህላል።

«ሐሙስ ከሰዓት መዝጊያው ነው። አንቺም እየጾምሽ ትመጫለሽ» አሉኝ።

«ሐሙስ እኮ አፖይንትመንት አለኝ፣ እትዬ።»

«ካንስል አድርጊዋ! ሰው ላንቺ እየተራበ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ካንስል አደረግሁት። የበላሁት አልዋሃድ ብሎኝ የከሳሁ ሴት፣ ሰው እኔን ለማዳን ሲጾም አብሬ ጾምኩ። ይሉኝታ ብቻ ነው ሳይቀነስልኝ የቀረው።

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቷል። ፓስተሩ ስሜን ጠርተው ወደ ፊት እንድወጣ ነገሩኝ፤ በወንበሮቹ መሃል አልፌ ሄድኩ። ከኋላዬ ጸሎቱ በየረድፉ እየበረደ መጣ። ዞር ስል ሰዎቹ የሚያዩት እኔን አይደለም። መተላለፊያው መሃል አንድ ጥቁር ጫማ ብቻውን ቆሟል። ወደ ታች አየሁ፤ ግራ እግሬ ባዶውን ነው። መቼ ጥዬው እንደሄድኩ አላውቅም።

ያን ጊዜ ፈራሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? እዚያው ተናዘዝኩ።

«የምትጠረጥሩት በሽታ አይደለም» አልኩ። «ለመክሳት ብዬ ሆዴን አስቆርጬ ነው። አሁን መርፌ ካልተወጋሁ እግሬን ላጣው ነው።»



እትዬ አስካለ ጫማውን አንስተው መጡ። ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ በዚያ ሁሉ ክብደታቸው ተንበርክከው ባዶ እግሬን በሁለት እጃቸው ያዙ። እንባቸው እግሬ ላይ ሲወርድ አየሁት። አየሁት ብቻ።

«በረዶ ሆኗል እኮ፣ ልጄን» አሉ። «ነገ ጠዋት እኔው ራሴ ወስጄ አስወጋሻለሁ።»

ከዚያ ግራ ቀኝ ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የልጄ ሰርግ ሴፕቴምበር ላይ ነው። የዚያን የሆድ ሐኪም ስልክ ትሰጪኝ?»

እግሬን ለቀውት እንደሆነ ለማወቅ ወደ ታች አየሁ። ገና እንደያዙት ነበሩ።