ሎሚና አጃቢዎቿ ስብሰባ የገቡ ዕለት

ጓዶች! ዛሬ ጠዋት አዳራሽ ያልነበራችሁ ካላችሁ (መቅረት አይፈቀድም፣ ግን የሚቀር አይጠፋም) የሆነውን ብነግራችሁ «ደግሞ ግጥሙን ጀመረ» ትሉኛላችሁ።

ግጥም አይደለም። ግለ ሂስ ነው!

ጥፋቴን በገዛ እጄ ጽፌ የቀበሌው ሰሌዳ ላይ እንድለጥፍ ስብሰባው ወስኖብኛል። ይኸው ለጥፌያለሁ። ሳይነሳ ቶሎ አንብቡት።

ሎሚን ታውቋታላችሁ። ቢጫዋ ውሻዬ። አቃቂ ውስጥ እኔን የማያውቅ ሞልቷል፤ እሷን የማያውቅ የለም። በተለይ ወንድ ውሻ!

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ፣ ከወሎ መጥተው ገበያው ዳር ጨርቅ የሚነግዱት፣ ቀደም ብለው መክረውኝ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ይቺን ውሻ ሐኪም ዘንድ ወስደህ አስመክናት። ቡችላ እየደረደረች መራመጃ አሳጣችን እኮ!»

እኔስ ምን አልኩ?

«እትዬ፣ እኔ ከተፈጥሮ ጋር በቢላ አልከራከርም!»

ሲናገሩት እንዴት ያምራል! እሳቸው ግን ትኩሳት እንደያዘው ሰው አዩኝ።

«አባትህ ወይፈኑን ሲያኮላሹት ይሄ ተፈጥሮህ የት ሄዶ ነበር?»

እኔም ስንኝ ቋጠርኩ።

ባለፈው የወለደቻቸው ቡችሎች ምን ሆኑ? ቆንጆዎቹን ሰው ወሰዳቸው። የቀሩት መንገድ ላይ አደጉ። የመርዝ ሥጋ የተበተነ ሰሞን ደግሞ መንገድ ላይ ቀሩ።

በእሱ ላይ ስንኝ አልቋጠርኩም።

ወደ ዛሬው ጉድ እንምጣ። ከቀበሌያችን በላይ ካለው ከከፍተኛው የኪነት ቡድን አንድ ጓድ መጥቶ ነበር። ገጣሚ ሊመርጥ! እኔ ደግሞ አስተማሪ የለኝ፣ ዲፕሎማ የለኝ፤ ከዚህ ቡድን ካልገባሁ ግጥሜን የሚሰማው የጓሮ ጎመን ብቻ ነው። ሸሚዜን በከሰል ካውያ ተኩሼ፣ አፍሮዬን አበጥሬ ወጣሁ።

ሎሚን ቤት ቆልፌባት ነበር። በመስኮት ወጣች። ከኋላዬ መሆኗን ያወቅሁት አዳራሽ ከደረስኩ በኋላ ነው። «ምን ቸገረኝ፣ ወንበር ሥር ትተኛለች» አልኩ።

ወንድ የምትፈልግበት ሰሞን መሆኑን ረስቼዋለሁ! ይህን የሚረሳ ሰው ታውቃላችሁ? አሁን አወቃችሁ።

የስብሰባችን ልማድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ዘግይቶ የመጣው ሁሉ ይገባል፤ ከዚያ ማንም ሾልኮ እንዳይወጣ ጥበቃው በሩን ከውስጥ ይቀረቅረዋል። ዛሬ ዘግይተው ከገቡት ውስጥ በአራት እግር የሚሄዱ ነበሩበት።

በሩ ተቀረቀረ!

ስሜ ተጠራ። ማይክራፎን ጨበጥኩ። ግጥሜ ስለ ዲሲፕሊን ነበር። አዎ፣ ስለ ዲሲፕሊን! «ተራህን ጠብቅ፣ ሰልፍህን አትልቀቅ» ብዬ ስጀምር ሎሚ መድረኩ ላይ ወጣች። ውሾቹም ተከትለው ወጡ። ተራ የሚባል ነገር ግን አያውቁም።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሕዝቡን ለማረጋጋት መፈክር አሰሙ። ወይ ስህተት! መፈክር ሲሰማ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ግራ እጁን ይሰቅላላ! ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን ሰቅሎ ቆመ፤ ውሾቹ በእግሩ መሃል ይራወጣሉ፤ እጁን አውርዶ «ሂድ ወዲያ!» ለማለት የደፈረ የለም። ከፊት የቆመው ሰውዬ ሱሪውን በውሻ ተይዞ «ይውደም!» ሲል ሰምቼዋለሁ። ከልቡ ነበር።

በመጨረሻ ሌሎቹን አባርሮ ሎሚን ለብቻው የያዛት ውሻ ማን እንደሆነ ስናይ አፋችንን በእጃችን ያዝን።

የሊቀ መንበሩ ቦቢ!



«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይሄ የእርስዎ ውሻ አይደለም እንዴ?» አሉ እትዬ ዘይነባ። እሳቸው መቼም ሰው አይፈሩ።

ሊቀ መንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ውሻው የመጣው በግሉ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሳቁን ማን ያቁመው! የኪነቱ ጓድ ራሱ እንባውን ሲጠርግ አየሁት። እኔ ሁለተኛው ስንኝ ላይ እንደ ምሰሶ ቀርቻለሁ።

ቀጥሎ የሂስ ዝናብ ወረደብኝ። «ገጣሚው በውሻው ላይ ቁጥጥር የለውም!» «ውሻዋም በገጣሚው ላይ!»

የሰፈራችን የእንስሳት ሐኪም ተነሡና ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አስረዱ። «ሴቷም ትመክናለች፣ ወንዱም ይኮላሻል። በማደንዘዣ ነው፤ ሲነቁ ሥራው አልቋል። የተኮላሸ ወንድ አጥር መዝለሉንም፣ መደባደቡንም ይቀንሳል።»

የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ።

«ወደሚቀጥለው አጀንዳ!» አሉ።

ከስብሰባው እንደወጣን ሐኪሙን «አሁኑኑ ላምጣት?» ብዬ ለመንኳቸው። «አሁን ባመክናት ብዙ ደም ይፈሳታል። ይሄ ሰሞን ይለፍና አምጣት፤ አርግዛ እንደሆነም ያኔ እናያለን» አሉኝ። ቤት ወስጄ ዘጋሁባት። መስኮቱንም በምስማር መታሁት።

አጃቢዎቿ ግን ደጄን ከበቡ። ከቃሊቲ ድረስ የመጡ አሉ! አባቴ ወደ ቤት መግባት አቅቷቸው ጎረቤት ተቀምጠዋል።

ከምሳ በኋላ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የኪነቱ ጓድ! ውሳኔውን ሊነግረኝ፣ ሰፈር ለሰፈር ቤቴን ጠይቆ!

በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ደጄን የሞሉትን ውሾች ተመለከተ። ድንጋይ አነሣ። ብዛታቸውን ሲያይ ድንጋዩን ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ልጠራው አፌን ስከፍት ሁሉም በአንድ ላይ ጮኹ። ጓዱ ዞሮ ሄደ። በጓሮ አጥር ዘልዬ ፌርማታው ስደርስ አውቶቡሱ ተነሥቷል።

ስለዚህ ጓዶች፣ ውሻ ያላችሁ፣ ድመት ያላችሁም፣ ፍልስፍናችሁን ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው። ሊቀ መንበርም ብትሆኑ!

ደግሞ ፌርማታው ላይ ጓዱን ያያችሁት ካላችሁ እባካችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ፦ ፊቱ ገጣሚ ያገኘ ሰው ፊት ነው የሚመስለው፣ ወይስ ውሻ ያባረረው ሰው?