እትዬ ዘነበች በፍላሽ

እኛ ፕሮግራም የምንጽፍ ሰዎች ሙያችንን ከሽሮ ሳንሰርቀው አልቀረንም። አተሩ ይቆላል፣ ይከካል፣ ይፈጫል፣ በፌስታል ታስሮ ወደፈለገው አገር ይሄዳል፤ እዚያ ውሃና እሳት ሲያገኝ ወጥ ይሆናል። እኛም ፕሮግራማችን ውስጥ ያለውን ሰው ከነስሙ ከነቤተሰቡ ዜሮና አንድ አድርገን ፈጭተን ፋይል ውስጥ እንከተዋለን። ፋይሉን በዓይናችሁ ብታዩት የጠንቋይ ድግምት ነው። ያው ፕሮግራም ባለበት በየትኛውም ኮምፒውተር ስትከፍቱት ግን ሰውየው ምንም ሳይጎድልበት ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። እኔ በዚህ እኮራለሁ። እኮራ ነበር ማለት ይሻላል።

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ላለው እድራችን የአባላት መዝገብ የሠራሁት እኔ ነኝ። በእያንዳንዱ አባል ስም ሥር ቤተሰቡን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቹንም አስገብቻለሁ፤ ለቅሶ ሲደርስ ቀድሞ ድንኳን የሚተክለው ጎረቤት ነዋ! ታዲያ የፊት ለፊት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸውና ሊሄዱ ሆነ። ደስታቸው ግን ጎደሎ ነበር።

«ቤቱስ ደህና ነው ልጄ» አሉኝ። «ሐዘን ቢመጣብኝ ማን አብሮኝ ይቀመጣል? እዚያ የሚያውቀኝ የለ።»

እንደ ዕድል የዚያኛውም እድር የሚሠራው በእኔው ፕሮግራም ነው። እትዬ ዘነበችን ብቻ መርጬ በፍላሽ ቀዳሁላቸው፤ እሳቸውም መሐረባቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ሄዱ። ፋይሉ ለአንድ ሰው ከበድ ማለቱን አይቼ ሳላጣራ አለፍኩ። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ለካ ፕሮግራሜ አንድ ሰው ሲቀዳ ጎረቤቶቹንም፣ የጎረቤቶቹን ጎረቤቶችም እያስከተለ ኖሯል። እትዬ ዘነበች ሰፈሩን በሙሉ በመሐረብ ቋጥረው ሄደዋል። የዚያኛው እድር ጸሐፊ አቶ ግርማ በማግስቱ ደወሉልኝ።

«አንዲት ሴትዮ ላክልኝ አልኩ እንጂ ሰፈር ላክልኝ አልኩህ?»

ቅዳሜ መጥቼ አጸዳለሁ ብዬ ተለማመጥኳቸው። ቅዳሜ ሳይደርስ ሐሙስ ዕለት የእትዬ ዘነበች ወንድም አረፉ። አቶ ግርማ መርዶውን አስገቡ፤ ፕሮግራሙም እንደ ልማዱ መዝገቡ ላይ ላለ ሰው ሁሉ የስልክ መልእክት ላከ። ሰፈራችን ውስጥ ያልጮኸ ስልክ አልነበረም። ልብስ ሰፊው ሱቁን ዘጋ፣ ጎማ ለጣፊው እጁን ታጠበ፣ ሁለት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሙሉ ሆነን ሄድን።

ድንኳኑ አልበቃንም፤ የተረፍነው አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው በየተራ አዩን፤ «ሁላችሁም?» አሉና ለቅሷቸውን እንደ አዲስ ጀመሩት። ሐዘን ቤት እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ልዋሻችሁ አልችልም።

አቶ ግርማ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ይቅርታዬን አዘጋጀሁ።

«እኔ የሰንጋ ተራ ልጅ ነኝ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሰፈራችን ሲፈርስ ሁሉም በየፊናው ተበተነ። የእኛንስ ሰዎች የሚያመጣ ፋይል አታገኝም?»

«ያልተቀዳ አይከፈትም ጋሼ» አልኳቸው። አንጀቴን በሉት። «ስም ይጥሩልኝና ልጻፍ።»

ስልኬን አውጥቼ ጀመርን። ከግራ ጎረቤታቸው ተነሡ፤ ማን ማንን እንዳገባ፣ የማን ውሻ ማንን እንደነከሰ ሳይቀር። ንፍሮው ዞሮ እኛ ጋ ሲደርስ ገና ሁለተኛው ቤት ላይ ነበርን።